ሁለቷ ሚሊሜትር የት ገባች? ስለ ቀዶ ሕክምና መነጽር ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በሕክምና ተማሪዎች፣ በሬዚደንቶችና በባዮሜዲካል መሐንዲሶች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው። ጽሑፉ ኦግመንትድ ሪያሊቲ የተባለው ቴክኖሎጂ ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሎቻችን እንዲገባ ይቀሰቅሳል። ሐኪሙ መነጽር ያደርጋል፤ የበሽተኛው የሲቲ ወይም የኤምአርአይ ምስል ገላው ላይ ተደርቦ ይታየዋል፤ መሰርሰሪያውም ቢላውም በዚያ ምስል እየተመራ ይሄዳል። መከራከሪያዎቹ ስድስት ናቸው፦ ሐኪሙ የሰውነትን ውስጥ በቀጥታ ያያል፤ ስህተቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፤ ዓይኑን ወደ ስክሪን ስለማያዞር ትኩረቱ አይበተንም፤ መጀመሪያ መዋል ያለበት ለአንጎልና ለጉበት ዕጢ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ስፔሻሊስት በመነጽሩ በኩል አጋሮ ወይም በደሌ ያለን ሐኪም ማሠራት ይችላል፤ ዋጋውም 3,500 ዶላር ብቻ ነው።

ጸሐፊው ለከተማው ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል፣ ቴክኖሎጂው ይግባ በሚለው ላይም ጠብ የለንም። ስድስቱም ነጥቦች ግን መነጽሩን መሪ አድርገው ይነሳሉ። መነጽር ማሳያ ነው። መምራቱ ያለው ምስሉን ከገላው ጋር በሚያጋጥመው ሥራ ውስጥ ነው፤ ያ ሥራ ሲበላሽ መነጽሩ የተሳሳተውን ቦታ አሳምሮ ያሳያል።

«በቀጥታ ያያል» ስለመባሉ

መነጽሩ የሚያሳየው በሽተኛው ገበታው ላይ ከመውጣቱ በፊት የተነሳ ምስል ነው። ከዚያ በኋላ የተሰበረው አጥንት ቢንሸራተት፣ ዕጢው ቢያድግ፣ ወይም ሐኪሙ ራሱ ግማሹን ቆርጦ ቢያወጣው መነጽሩ አያውቅም፤ የቀድሞውን ሥዕል ይዞ ይቀጥላል። በቀጥታ የሚያሳዩን አልትራሳውንድና ሲ-አርም የተባለው ተንቀሳቃሽ የኤክስሬይ መሣሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ባጁራ፣ ፉክስና ኦቡቺ ራስ ላይ በሚደረግ ማሳያ የነፍሰ ጡርን አልትራሳውንድ ሆዷ ላይ ደርበው ያሳዩት ለዚህ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1986፣ ዴቪድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ በዳርትመዝ የሲቲ ምስልን በቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ውስጥ ደርበው ነበር። እናም «ገና ትናንት የተፈጠረ» የሚለው የጽሑፉ መግቢያ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ይስታል።

ከሲቲው እስከ መነጽሩ ያለውን መንገድ ጽሑፉ «ምስሉ ይጫናል» ብሎ አልፎታል። መንገዱ ግን በወጥመድ የተሞላ ነው። ለተራ ምርመራ በ5 ሚሊሜትር ቁራጭ የተሠራ ሲቲ ለዚህ አይሆንም፤ 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ፣ በመሐል ሳይዘለል የተነሳ መሆን አለበት። ፊልም ብቻ ታቅፎ ለመጣ በሽተኛ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የሚያስፈልገው የምስሉ ዲጂታል ቅጂ፣ የዳይኮም ፋይሉ ነው። ፋይሉ ከተገኘ 3ዲ ስላይሰር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር አጥንቱን ከሥጋው መለየት ይቻላል። ከ200 እስከ 300 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ጥግግት መለኪያ) የሚደርስ ወሰን ለመነሻ ይበቃል፤ አጥንታቸው በሳሳ አዛውንቶች ላይ ግን ይህ ወሰን አጥንቱን ወንፊት ያደርገዋልና ዝቅ አድርጎ በእጅ ማረም የግድ ነው።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት አደጋ ደግሞ አለ። የሕክምና ምስሎች አቅጣጫን የሚቆጥሩበት ሥርዓትና ዩኒቲ የመሳሰሉ የመነጽር ፕሮግራም መሥሪያዎች የሚቆጥሩበት ሥርዓት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በቀኝ እጅ ሕግ፣ ሁለተኛው በግራ እጅ ሕግ ይሄዳል። አንዱን ዘንግ መገልበጥ የረሳ ሰው የሚያገኘው በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ያለ አካል ነው፦ የግራ ኩላሊት በቀኝ፣ የቀኝ ዕጢ በግራ። አከርካሪ ደግሞ ግራና ቀኙ ስለሚመሳሰል ስህተቱ በዓይን አይያዝም። ልኬቱም እንዲሁ ነው፤ ሲቲው በሚሊሜትር ሲቆጥር ዩኒቲ በሜትር ይቆጥራል። ይህኛው እንኳ ሺህ ጊዜ የገዘፈ አከርካሪ ክፍሉን ሲሞላው ወዲያው ይታወቃል። የመስታወቱን ስህተት ለመያዝ ሲቲው ሲነሳ በበሽተኛው ቀኝ ጎን ብቻ ትንሽ የብረት ኳስ ለጥፎ መጨረሻ ላይ በየትኛው ጎን እንደታየች ማረጋገጥ ይበቃል።

አንድ ሚሊሜትሩ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጽሑፉ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው።

ምስልን ከገላ ጋር ማጋጠም በሙያው ሬጅስትሬሽን ይባላል። በሲቲውም በበሽተኛውም ላይ በግልጽ የሚለዩ ነጥቦች ይመረጣሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ ቢያንስ ሦስት፣ ለሥራ ግን ከአራት እስከ ስድስት። ሐኪሙ ካሜራው የሚከታተለውን ጠቋሚ ዘንግ ይዞ ነጥቦቹን በተራ ይነካል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን የነጥብ ስብስቦች በተቻለ መጠን የሚያስማማውን ሽክርክርና ሽግሽግ ያሰላል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ 0.7 ወይም 0.9 ሚሊሜትር፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉም ደስ ይለዋል። ጸሐፊው ያዩት ቁጥር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ካልሆነም የመከታተያ ካሜራ ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የሩብ ሚሊሜትር ቁጥር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሚናገረው ስለ ካሜራው እንጂ ስለ በሽተኛው አይደለም።

ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር የሚለካው የተነኩት ነጥቦች ምን ያህል እንደተስማሙ ብቻ ነው። ከቆዳ ሥር አምስትና አሥር ሴንቲሜትር ወርዶ ያለው ዒላማ ምን ያህል እንደተሳተ አይናገርም። ተመራማሪው ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየው በሁለቱ ስህተቶች መካከል ዝምድና የለም፤ 0.7 ያሳየው ማጋጠም 2.0 ካሳየው ይልቅ ዒላማውን አብዝቶ ሊስት ይችላል። የዒላማውን ስህተት ለመገመት የሚያገለግለው ስሌት በ1998 እሱና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። ስሌቱ እንደሚለው አራት ነጥቦች ተነክተው እያንዳንዳቸው 2 ሚሊሜትር ቢስቱ፣ በነጥቦቹ መሐል የሚጠበቀው ስህተት 1 ሚሊሜትር ነው። ዒላማው በነጥቦቹ መሐል ከሚያልፉት ከሦስቱም ዘንጎች ያለው ርቀት ነጥቦቹ ራሳቸው ከየዘንጉ ካላቸው አማካይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ግን ስህተቱ 2.2 ሚሊሜትር ይደርሳል። ነጥቦቹን ሁሉ ለእጅ በሚመች አንድ ጥግ ማጨቅ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ዒላማውን መሐል አድርገው ሊከብቡት ይገባል።

ሽክርክሩ ለብቻው ይታይ። ማጋጠሙ በ1 ዲግሪ ቢዞር ከመዞሪያው 10 ሴንቲሜትር የራቀ ቦታ 1.7 ሚሊሜትር ይስታል፤ በ2 ዲግሪ ሲዞር 15 ሴንቲሜትር ላይ ያለው 5.2 ሚሊሜትር ይስታል። ካሜራው በሚከታተላት በአንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ምልክት (ማርከር) የሚሠሩ ርካሽ አሠራሮች የሚወድቁት እዚህ ነው። ካሜራው ማርከሯን ፊት ለፊት ሲያያት ወደ ግራና ቀኝ ያለችበትን በደንብ ያውቃል፤ ርቀቷንና ዘንበል ማለቷን ግን ይገምታል። ምስሉ በቦታው ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ማርከሯን ማሳደግ ወይም በተለያየ አቅጣጫ የሚያዩ ገጾች ያሏት ማድረግ ይረዳል።

ከዚያ ስህተቶቹ ይደራረባሉ። ለምሳሌ ሲቲው 1፣ ማጋጠሙ 1.5፣ መከታተያው 1፣ መነጽሩ ከሐኪሙ ዓይን ጋር ያለው ልኬት 2 ሚሊሜትር ቢስቱ፣ የካሬዎቻቸው ድምር ስኩዌር ሩት 2.9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የሐኪሙ እጅ ገና አልተቆጠረም።

ይህን ከአጥንቱ ጋር እናስተያየው። የአከርካሪ ብሎን የሚያልፍበት ጠባብ የአጥንት ድልድይ፣ ፔዲክል፣ በወገብ ታችኛው ጫፍ 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሊሰፋ ይችላል፤ በደረት መሐል፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው አጥንት፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። 7 ሚሊሜትር ፔዲክል ውስጥ 5 ሚሊሜትር ብሎን ቢገባ በየጎኑ የሚተርፈው 1 ሚሊሜትር ነው፤ በውስጠኛው ጎን ህብለ ሰረሰሩ አለ። የብሎን አቀማመጥ በሚመዘንበት በገርትዝባይንና ሮቢንስ መመዘኛ ከፔዲክሉ ከ2 ሚሊሜትር ባነሰ የወጣ ብሎን በብዙ ጥናቶች ተቀባይነት ካላቸው ጋር ይቆጠራል። ሁሉም ሰው የሚደራደርባት ሁለት ሚሊሜትር ይህች ናት፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ሐኪሙ ሳይነካት ተበልታ አልቃለች።

ሌላም አለ። ሲቲ የሚነሳው በጀርባ ተኝቶ ነው፤ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሆድ ተኝቶ ነው። ሰውየው ሲገለበጥ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ማዕዘን ይለወጣል። ስለዚህ አምስት አጥንቶችን እንደ አንድ ግትር ነገር ቆጥሮ አንዴ አጋጥሞ መጨረስ አይቻልም፤ እያንዳንዱ አጥንት ለብቻው ይጋጠማል፣ አለዚያ ሲቲው በሽተኛው በሆዱ እንደተኛ እዚያው ገበታው ላይ ይነሳል። የጀርባ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ነጥቦችም አይሆኑም፤ ቆዳው ሲገለበጥ ይሸሻል፣ ሲከፈት ደግሞ ጨርሶ ቦታውን ይለቃል። ጽሑፉ በምሳሌነት ያቀረበው ኤክስቪዥን የተባለው የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና መነጽር ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ነው፤ በጁን 2020 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሥራ ላይ ውሏል። ይህን ሁሉ ችግር ያለፈው ማርከሩን ከአጥንቱ ጋር በመቆንጠጥና ሲቲውን ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ በማንሳት ነው። ጽሑፉ ስኬቱን ጠቅሶ ሲቲውን ሳይጠቅስ አልፏል።

አጥንቱ ላይ የተቆነጠጠው ማርከር በክርን ሲነካ፣ ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘው መሣሪያ (ሪትራክተር) ሲደገፍበት ወይም በሳሳ አጥንት ላይ ሲላላ ምስሉ አብሮ ይንሸራተታል፤ መነጽሩ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ብሎን ከመግባቱ በፊት ጠቋሚው ለማጋጠም ባልዋለ፣ በዓይን በሚታይ የአጥንት ምልክት ላይ ይቀመጥና መነጽሩ ውስጥም እዚያው መሆኑ ይታያል። ሃያ ሰከንድ አይወስድም። የሚዘለለውም ሁልጊዜ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ብሎን ላይ ነው፣ ሰው ሲደክመው።

ትኩረት አይበተንም?

እዚህ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ከቁስሉ ወደ ሲ-አርም ስክሪን እየዞሩ ማየት እጅን ያዛባል፣ መስመሩ ቁስሉ ላይ ሲታይ አንገትም ያርፋል። ሌላው ግማሽ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በወጡ ሁለት ጥናቶች ላይ በደንብ ታይቷል። በአንደኛው 24 ራዲዮሎጂስቶች የሳንባ ሲቲ ላይ ዕጢ እንዲፈልጉ ተደርጎ ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል ተደበቀ፤ 20ዎቹ አላዩትም። ዲክሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ በአስከሬን ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ (ኢንዶስኮፕ) ሲሠሩ የተደረበ ምስል ያላቸው ሐኪሞች ዒላማውን በተሻለ አግኝተው፣ መንገዳቸው ላይ የተቀመጠውን ያልተጠበቀ ባዕድ ነገር ግን አብዝተው እንዳለፉት አሳይተዋል። ደምቆ የሚያበራ መስመር ዓይንን ይስባል፣ ከጎኑ የምትደማው ትንሽ ሥር ትረሳለች። ስለዚህ አጥንቱን በሙሉ በቀለም ቀብቶ ማሳየት አያስፈልግም፤ የመግቢያ ነጥብና አንድ ቀጭን የአቅጣጫ መስመር ይበቃል፣ ቢላ ሲያዝ ደግሞ በፔዳል ይጥፋ።

ፔዳል ያልነው ሆን ብለን ነው። መነጽሮቹ በእጅ ምልክት ወይም በድምፅ ይታዘዛሉ ይባላል። ደም የነካውን ጓንት ካሜራው ሁልጊዜ አይለየውም፣ ንጹሕ እጅ ደግሞ በአየር ላይ ሲወናጨፍ ንጽሕናውን ያጣል። የማይክሮሶፍቱ መነጽር ሆሎሌንስ 2 አማርኛም አፋን ኦሮሞም አይሰማም፤ በማስክ ሥር የሚነገር የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ከደም መምጠጫው (ሳክሽን) ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ሲደጋገም የሚስቀው ሰመመን ሰጪው ነው።

ብርሃኑም ችግር ነው። እንዲህ ያሉ መነጽሮች በዕይታ ላይ ብርሃን ይጨምራሉ እንጂ ጥቁር ማሳየት አይችሉም። የቀዶ ሕክምና መብራት ከ40,000 እስከ 160,000 ሉክስ ይሰጣል፤ በእሱ ሥር ምስሉ ይደበዝዛል። መብራቱን ወደ ጎን ቢገፉት ቁስሉ ይጨልማል። የሆሎሌንስ 2 ምስል ትኩረቱ የተቀመጠው 2 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሲሆን ሐኪሙ የሚሠራው ግን በግማሽ ሜትር ውስጥ ነው፤ ዓይን ሁለቱን እኩል አጥርቶ ማየት አይችልም። በዚያ ላይ የተደረበው አጥንት ከቆዳው በላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ጥልቀቱን በዓይን የሚገምት ሰው ይሳሳታል። ጥልቀት የሚነበበው ከመሰርሰሪያው ላይ ካለው ምልክት ወይም ከቁጥር ነው።

መጀመሪያ ለአንጎልና ለጉበት?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ቅርጹን ለማይለውጥ አካል ነው። የራስ ቅል ተከፍቶ የአንጎሉ ሽፋን፣ ዱራው፣ ሲቀደድና ፈሳሹ ሲወጣ አንጎል ይሰምጣል፤ አንድ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። የአንጎል እብጠትን የሚቀንሰው ማኒቶል ከተሰጠ ይብስበታል፣ ዕጢው እየወጣ ሲሄድ ደግሞ ቀሪው ቦታ ይለቃል። መነጽሩ ዕጢውን የሚያሳየው ዱራው ከመቀደዱ በፊት በነበረበት ነው። ጉበት በአንድ ትንፋሽ ሴንቲሜትሮችን ይጓዛል፤ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ለሚሠራው ላፓሮስኮፒ ሆድ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲነፋ ቅርጹ ይለወጣል፤ ሲገለበጥም እንደገና። ሰመመን ሰጪው ትንፋሹን ለአፍታ ሊያቆም ይችላል፣ ለቅርጹ ለውጥ ግን የሚያደርገው ነገር የለም። ለሁለቱም የሚሻለው ሥራው መሐል ላይ ቁስሉ ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ ነው። በአንጎል ላይ መነጽሩ የሚረዳው ከዱራው በፊት ባለው ሥራ ነው፦ የቆዳውን ቅድና የአጥንቱን መስኮት ለማቀድ።

ለአጥንት፣ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ ለሚኖር ነገር፣ ለመንጋጋ፣ ለዳሌ ዕጢ ቆረጣ ግን ተስፋው እውነተኛ ነው። እግር ላይም እንዲሁ፤ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ቡድን በ2018 ባወጣው ሥራ በሆሎሌንስ የእግርን የደም ሥሮች አሳይቶ ለቁስል መሸፈኛ ሥጋ የሚወሰድበትን ቦታ መርጧል።

ከአዲስ አበባ እጅ ይዞ ማሠራት

የርቀት ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ሆኖ ስትራስቡርግ ያለችን በሽተኛ ሐሞት ከረጢት ያወጣውን የዣክ ማረስኮን ሥራ ነው። መዘግየቱ 155 ሚሊሰከንድ ነበር፣ ለዚያ ሥራ ብቻ በተያዘ የፋይበር መስመር። ጽሑፉ የሚያስበው ግን ሮቦት የለበትም፤ ስፔሻሊስቱ በቪዲዮ ያያል፣ በጣቱ ይሥላል፣ ሥዕሉ በሐኪሙ መነጽር ውስጥ ይታያል። ችግሩ ሐኪሙ ራሱን ሲያነቃንቅ ቪዲዮውም መነቃነቁ ነው። ስፔሻሊስቱ ከግማሽ ሰከንድ በፊት በነበረ ምስል ላይ ይሥላል፣ መስመሩም ከቦታው ሸሽቶ ያርፋል። ሠሪውን ለማስተማር ከሆነ መፍትሔ አለው፦ ምስሉን አቁሞ በቆመው ላይ መሣል። ቢላ በያዘ እጅ ፊት ግን ማንም የሩቅ መስመርን ተከትሎ መቁረጥ የለበትም።

ዋናው ጥያቄ መስመሩ ሲቋረጥ ምን ይሆናል ነው። እዚያ ያለው ሰው የጀመረውን ራሱ መጨረስ፣ ወይም ቢያንስ ደሙን አቁሞ፣ ጠቅጥቆ፣ ዘግቶ መላክ መቻል አለበት። የአንጎል ዕጢ ይህን ፈተና አያልፍም። ከራስ ቅል ሥር ለተጠራቀመ ደም ቀዳዳ መሥራት ግን ያልፋል፤ ለእሱም ጥሩ የስልክ ጥሪና በዋትስአፕ የተላከ የሲቲ ፎቶ ብዙ ርቀት ይወስዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ስትጀምር ጅማ ከመጀመሪያዎቹ ማሠልጠኛዎች አንዷ ነበረች። የወረዳ ሆስፒታሎችን ጉድለት የሞላው መንገድ እጅን ማሠልጠን መሆኑን ጽሑፉ ቢያስታውስ ጥሩ ነበር።

3,500 ዶላር

ሆሎሌንስ 2 ሲወጣ ዋጋው በእርግጥ ይህ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን በኦክቶበር 2024 ምርቱን ማቆሙን አስታውቋል፤ የደኅንነት ማሻሻያውም እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። ዛሬ ገዝቶ መለዋወጫ የሚጠብቅ ሰው መቃብር እየጎበኘ ነው። ባትሪው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፣ የአከርካሪ ሥራ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ክብደቱ 566 ግራም ነው፤ ከማጉያ መነጽርና ከራስ መብራት ጋር አብሮ አይደረግም።

ከመነጽሩ በላይ የሚያስወጣው ዙሪያው ነው። ማርከሩ በእንፋሎት ማምከኛው (አውቶክሌቭ) ማለፍ አለበት። ብዙዎች በ3ዲ ፕሪንተር ፒኤልኤ በተባለ ፕላስቲክ ያትሙታል፤ ፒኤልኤ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ አውቶክሌቭ 121 ወይም 134 ነው። የተጣመመ ማርከር ደግሞ ካልተጣመመው ጋር ይመሳሰላል፤ ካሜራው ያነበዋል፣ የሚነግረው ግን ውሸት ነው። ከማይዝግ ብረት ተቆርጦ በሌዘር የተቀረጸ ይሻላል። በላዩ ላይ የቀዶ ሕክምና ፕላስቲክ ሽፋን (ድሬፕ) ከተለጠፈበት መብራቱ ይንጸባረቅና ካሜራው ያጣዋል።

መብራት ሲጠፋ መነጽሩ በባትሪው ይቆያል፣ ኮምፒዩተሩና መከታተያ ካሜራው ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወድቃሉ፤ ለእነሱ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ሲነሱ ማጋጠሙ ይኖር ወይ የሚለው ምስሉ በምን እንደታሰረ ይወሰናል። አጥንቱ ላይ ካለው ማርከር ጋር ከታሰረ ማርከሩ ሲታይ ይመለሳል፤ መነጽሩ ከሣለው የክፍሉ ካርታ ጋር ከታሰረ ግን ሊጠፋ ወይም፣ የባሰው፣ ትንሽ ተንሸራትቶ ሊመለስ ይችላል። ለጅማ ክረምት ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፦ እርጥበት ባለበት የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፣ የማይክሮስኮፕ ባለቤቶች ሁሉ ያውቁታል። አየር በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ፣ ጄሉም ቀለሙ ሲለወጥ ይድረቅ።

ከየት ይጀመር?

የባዮሜዲካል ምህንድስናው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ቀዶ ሕክምናው በሕክምና ማዕከሉ፣ ሁለቱም በአንድ ከተማ ናቸው። ያለ በሽተኛ ብዙ መማር ይቻላል። ከቄራ ሦስት ወይም አራት አጥንት ያለው የበሬ ወገብ ይገዛል፤ ሥጋው ይላጫል፣ ጅማቱ ይቀራል። ስድስት የማጋጠሚያ ነጥቦችና ከእነሱ የተለዩ አራት የመፈተሻ የብረት ኳሶች ይተከሉበታል፤ ለማጋጠም በዋለ ነጥብ መፈተሽ ራስን ማታለል ነው። በ1 ሚሊሜትር ሲቲ ይነሳል፣ በስላይሰር ይለያል፣ የአጥንቱ ሥዕል የተሠራባቸው ሦስት ማዕዘኖች ብዛት መነጽሩ እስኪችለው ይቀነሳል፣ ግራና ቀኙ ይረጋገጣል። ከዚያ ወገቡ በማሰሪያ ተይዞ በስፖንጅና በድሬፕ ይሸፈናል፣ ይጋጠማል፣ በብሎን ፈንታ ኪ-ዋየር ይገባበታል፤ ቀጭን ሽቦ በድጋሚው ሲቲ ላይ የሚያመጣው የብረት ጥላ ያነሰ ነው። ሁለቱ ሲቲዎች ተደርበው የመግቢያው ልዩነት በሚሊሜትር፣ የአቅጣጫው በዲግሪ ይለካል። ያው ሥራ በሲ-አርም ብቻ በሌላ ወገብ ላይ ይደገማል፤ ማወዳደሪያ የሌለው ቁጥር ማስታወቂያ ነው። ቀጥሎ ሆን ተብሎ ይበላሽ፦ ትልቁ መብራት ሙሉ ይብራ፣ ማርከሩ በክርን ይነካ፣ ሶኬቱ ይነቀል።

በበሽተኛ ላይ መሥራት የሚታሰበው የመፈተሻ ኳሶቹ በተደጋጋሚ ከ2 ሚሊሜትር በታች ሲስቱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹም ሰፊ ፔዲክል ያላቸው የታችኛው ወገብ አጥንቶች ይሁኑ፣ ሲ-አርሙም ከጎን ቆሞ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው ክፍል ላይ አራት ጥያቄዎች ይጨመሩ። ሲቲው የዚህ ሰው ነው፣ መቼ ተነሳ? የቀኝ ጎኗ ኳስ በቀኝ ታየች? ማርከሩ ሲነቀነቅ ይላላል? ለማጋጠም ባልዋለው ምልክት ላይ ጠቋሚው ስንት ሚሊሜትር ሳተ? ጮክ ብሎ የሚያነበው ነርሱ ይሁን፤ መልሱ ከ2 በላይ ከሆነ ማጋጠሙ አንዴ ይደገማል፣ ሁለተኛም ካልሆነ መነጽሩ ይወልቅና ሥራው በሲ-አርም ይቀጥላል።